ወደ ፊት ሲገፉት ሽቅብ የሚያነሣ እጀታ

ለተከበሩ የአነስተኛ እርሻ መሣሪያዎች ደህንነት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በእህቴ ትራክተር ላይ ስለተደረገው እሸጋ፣ እንዲሁም ስላልተቋረጠው ቸርነትዎ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ በማለት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለሚሽከረከረው ወንበርዎ ጽኑ እግር፣ ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለም፣ በመስኮትዎ ላይ ላለችው አበባም ሳይረሳ ውሃ የሚያጠጣት ሰው እመኛለሁ። ለምክትልዎ፣ ለጸሐፊዎ፣ ለጥበቃ ሠራተኛውና በኮሪደሩ ጫፍ ዘወትር ተዘግታ ለማገኛት የአቤቱታ መስኮት ሳይቀር ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

የሰላምታዬ መርዘም ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ ቀደም ለጽሕፈት ቤትዎ ባቀረብኩት ማመልከቻ መግቢያ ላይ ለመላው ሠራተኛ ጤና ተመኝቼ፣ ከዚያ በታች ችግራችንን በዝርዝር አስረድቼ ነበር። የደረሰኝ መልስ ቁጥርና ቀን ያለው፣ ማኅተምም ያረፈበት ሆኖ «ስለ ጤንነታችን በመጨነቅዎ እናመሰግናለን፤ ሁላችንም ደህና ነን» የሚል ብቻ ነበር። መልሱን ደጋግሜ ሳነበው የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ጽሕፈት ቤትዎ ደብዳቤ የሚያነበው እስከ ሰላምታው ድረስ መሆኑ ነው። በመሆኑም የምችለውን ያህል ሰላምታ አስቀድሜ፣ የቀረውን ደግሞ ምናልባት ሌላ ሰው ቢያነበው ብዬ በአካባቢያችን ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ አድርጌአለሁ።

ራሴን ላስተዋውቅ። በጡረታ የተገለልኩ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ዕድሜ ልኬን ወንዞች ከየት ተነሥተው ወዴት እንደሚፈሱ ሳስተምር ኖሬ፣ በስተርጅና ዘይት ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚፈስ ለመማር ተገድጃለሁ። የምኖረው ከባለቤቴና ከታላቅ እህቴ ጋር በአንድ ግቢ ነው። እኔ እህቴን እትዬ እላታለሁ፤ ሰፈሩ ደግሞ «ቀጥ» ይላታል፤ የምታወጣው ፈር ከዳር እስከ ዳር በክር የተለካ ስለሚመስል ነው። ከቤታችን ጀርባ ባለው መሬት ላይ ጎመን፣ ሽንኩርትና ድንች ታለማለች። ትራክተሯ ትንሽ ናት፤ አጠገቧ ቢቆሙ ኮፈኗ ደረትዎ ድረስ አይደርስም። ፍግና ምርት የምናመላልስበት ተሳቢ ከኋላዋ ትጎትታለች። ባጭሩ፣ የእርስዎን የመሰለ ትልቅ መሥሪያ ቤት ያስጨንቃል ተብሎ የማይጠበቅ ቤተሰብና የማትጠበቅ ትራክተር ነን።

አሁን ወደ ምስጋናዎቼ ልለፍ።

1ኛ. ስለ ክሪክ የሰጡንን ትምህርት በተመለከተ፦

እርስዎ ራስዎ በአዳራሹ መድረክ ላይ ወጥተው፣ የተሳቢን ጭነት በአካፋ ማራገፍ ኋላ ቀርነት መሆኑን፣ ዘመናዊ ገበሬ ከተሳቢው ሳጥን ሥር ክሪክ አስገብቶ ከፍ እያደረገ ጭነቱን ወደ ኋላ ማንሸራተት እንዳለበት በተግባር ያሳዩበትን ቀን አንረሳውም። ተሳቢው ባዶ ነበር፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነበር፣ ክሪኩም ገና ከካርቶኑ የወጣ ነበር። ከፊት ወንበር ተቀምጠው ሞቅ አድርገው ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነበርኩ። የእኛ ማሳ ግን በሚያሳዝን ሁኔታ የተሠራው ከአፈር ነው። ክሪኩ እርጥብ መሬት ውስጥ ሰመጠና ተንሸራተተ፤ ፍግ የሞላው ሳጥን ወርዶ የእህቴን ቀኝ ክንድ ከብረቱ ጋር አጣበቀው። ከሆስፒታል ስትወጣ ክርኗ አልዘረጋ፣ ጣቶቿም ማንኪያ እንኳ አልይዝ ብለው ቀሩ።

ጽሕፈት ቤትዎ አደጋውን ሰምቶ ጆሮ ዳባ ልበስ አላለም፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ባለሙያዎችዎ ቤታችን ድረስ መጥተው «እጆችዎን ይጠብቁ» የሚል፣ ጓንት ያጠለቁ ሁለት ጤነኛ እጆች የተሣሉበት ውብ ፖስተር አበረከቱላት። እህቴ መዶሻውን በግራ እጇ ብትይዝም ምስማሩን የሚይዝላት እጅ ስላልነበረ እኔ ሰቀልኩላት። ያን ጊዜ ሁሉ ከቤት አትወጣም ነበር። ፖስተሩ ፊት ለፊት ተቀምጣ ሻይዋን በግራ እጇ ትጠጣለች፤ በመስኮት በኩል አረም የዋጠውን የጎመን መደብ እያየች ዞር ትላለች። ቀለማቱ እስካሁን አልደበዘዙም፤ ለጥራቱ ምስጋናዬን ይቀበሉኝ።

2ኛ. የኋላ ሃይድሮሊክን በተመለከተ ስለተሰጠኝ ጥልቅ ማብራሪያ፦

ክሪክ ዳግመኛ ግቢያችን እንዳይገባ ምለን ሌላ መላ ፈለግን። ራሱን በራሱ የሚያራግፍ አሮጌ ተሳቢ አገኘን። ከሳጥኑ ሥር የብረት ክንድ አለው፤ ዘይት ሲገፋው ይዘረጋና የሳጥኑን ፊት ሽቅብ ያነሣዋል፣ ጭነቱም በኋላ ክዳኑ በኩል ይፈሳል። ማንም ሥሩ አይገባም፤ የማንም ክንድ አይቀረጠፍም። ችግሩ ዘይቱ ከየት ይምጣ የሚለው ነበር። የእኛ ትራክተር ዘይት የሚገፋ ፓምፕ አላት፤ ግፊቱን ግን ለራሷ የኋላ ማንሻ ክንዶች ብቻ ነው የምታውለው። ለሌላ የምታካፍልበት መውጫ ከኋላዋ የላትም። የጎደለው እጀታ ያለው አንድ ቫልቭ፣ ወደ ኋላ የሚሄዱ ሁለት ቱቦዎችና ተሳቢው የሚሰካባቸው ማገናኛዎች ናቸው።

ይህንን የሚገጥምልን ባለሙያ ይመደብልን ብዬ ጻፍኩ፤ ከላይ እንደገለጽኩት ሁላችሁም ደህና መሆናችሁ ተነገረኝ። ከዚያ በአካል መጣሁ። መደገፊያ በሌለው የኮሪደር አግዳሚ ላይ ወገቤ ቃል አውጥቶ ሊናገር እስኪቃጣው ከተቀመጥኩ በኋላ አንድ ባለሙያዎ ብቅ ብለው፣ ይህ ዓይነቱ ትራክተር ሲፈበረክ ከኋላ የዘይት መውጫ እንዳልተሠራለት፣ ስላልተሠራለትም እንደማያስፈልገው አስረዱኝ። ውሃ የሚያነሣ ማብራሪያ ነው። በዚሁ ስሌት አግዳሚውም መደገፊያ ያልተሠራለት የእኔ ወገብ ስለማያስፈልገው ነው ማለት ነው። ወገቤን እስካሁን በከንቱ አምኜው ኖሬአለሁ።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ላቋርጥና የፈጸምኩትን ጥፋት በራሴ አንደበት ልናዘዝ፤ ተቆጣጣሪዎን ከምርመራ ድካም ልገላግላቸው ብዬ ነው።

አዎ፣ ራሴ ገጠምኩት። ቫልቩንና ቱቦዎቹን ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ለቃቀምኩ። የሚያግዘኝ ጎረቤታችን በያጁ ነበር፤ ሲበይድም ሲበላም ስለማያወልቀው ሰፈሩ «ጥቁር መነጽር» ይለዋል። ቫልቩን በቀኝ በኩል እንበይደው ሲለኝ በግራ ይሁን አልኩት። እንዴ ጋሼ፣ የትኛውም ትራክተር ላይ እኮ እጀታው በቀኝ ነው ቢለኝ፣ የእትዬ ደህና እጅ ግን በግራ ነው አልኩት። ከዚያ በኋላ በግራው ጎማ ላይ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ ፍቆ ቫልቩን እዚያው አቆመልኝ፤ እንደ ልማዱ ከመነጽሩ ኋላ ምን እንዳሰበ ማንም አላየም።

ከፓምፑ የሚመጣውን ዘይት መጀመሪያ ወደ ቫልቩ፣ ከቫልቩም አሳልፌ ወደ ማንሻ ክንዶቹ መራሁት፤ ሥራውን የጨረሰው ዘይት ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበትንም ቱቦ ዘረጋሁ። ይህን የመመለሻ ቱቦ ብሎን አጥብቄአለሁ ብዬ ነበር፤ አላጠበቅኩም። ሞተሩን ስናስነሣ ዘይቱ ተፈናጥሮ ባለቤቴ ያሰጣችውን አንሶላ በሙሉ አዳረሰው። እሷም አንሶላውን ዘርግታ አምጥታ፣ መቼስ የጂኦግራፊ መምህር አይደለህ፣ እስቲ ይሄ የየት አገር ካርታ ነው ብላ ጠየቀችኝ። አላወቅኩትም።

ሁለተኛው ስህተቴ ግን ዛሬ ከእርስዎ ጋር ያገናኘኝ ነው። ወደ ኋላ የሚሄዱትን ሁለት ቱቦዎች አቀያይሬ ገጠምኳቸው። በሌላው ሰው ትራክተር እጀታውን ወደ ራስ ሲስቡት ሳጥኑ ይነሣል፣ ወደ ፊት ሲገፉት ይወርዳል። በእኛ ግቢ ግን ሲገፉት ይነሣል፣ ሲስቡት ይወርዳል። ይህን ያወቅኩት እህቴ ወንበሩ ላይ ከወጣች በኋላ ነበር። ማንም «ውጪ» አላላትም። ሞተሩ ሲነሣ ሰምታ ከቤት ወጣች፣ በግራ እጇ መሪውን ይዛ ተንጠላጥላ ተቀመጠች። ትራክተሯ ፍጥነቷ በእግር ፔዳል የሚታዘዝ ስለሆነ ለመሪው አንድ እጅ ይበቃታል፤ ስትቆም ደግሞ ያው እጅ ለእጀታው ነጻ ነው። እጀታውን ገፋ አደረገችው። ሳጥኑ ተነሣ፣ ለሙከራ የጫንነው አፈር ፈሰሰ። ወደ ራሷ ሳበችው፣ ሳጥኑ ቀስ ብሎ ተመልሶ ተኛ። ባዶውን ደግማ አነሣችው፤ አወረደችው፤ እንደገና አነሣችው። ከዚያም ሳቀች። ከአደጋው ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው፤ ባለቤቴም ስለ አንሶላው መቆጣቷን ትታ እንባዋን በዚያው አንሶላ ጠረገች።

ቱቦዎቹን ለማስተካከል መፍቻ ይዤ ስጠጋ እህቴ እጄን ቸብ አደረገችኝና «ተው አንተ፣ አትንካብኝ! አንድን ነገር ሳነሣው ከእኔ አርቄ ነው፣ ስመልሰው ደግሞ ወደ እኔ ነው። ትክክሉ ይሄ ነው» አለችኝ። እኔም ለሰው ሁሉ ግልጽ እንዲሆን ከእጀታው ሥር ፓራፋንጎው ላይ በነጭ ቀለም «ሲገፋ ይነሣል» ብዬ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩ፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬአለሁና የእጅ ጽሑፌ አይታማም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ ብቻዋን ጭና፣ ብቻዋን ነድታ፣ ብቻዋን ታራግፍ ነበር።

3ኛ. ለተቆጣጣሪዎ ጉብኝት፦

አንድ ለሕዝብ ደህንነት የሚቆረቆር ሰው ስለ ቫልቫችን ጥቆማ ሰጥቶ ኖሮ፣ ተቆጣጣሪዎ በጽሕፈት ቤቱ አዲስ ነጭ መኪና መጡ። የክሪክ አደጋ ሲደርስ ከፖስተር ሌላ ያልላከ መሥሪያ ቤት፣ አደጋ የሚያስቀር ዕቃ ሲገጠም እንዲህ ፈጥኖ መድረሱ ልቤን ነክቶታል። ግቢያችን ጠባብ ነው፤ ከበሩ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያገኙት የተሳቢያችንን ጀርባ ነው። እህቴ ፍግ ጭና ወደ ማሳው ልትወጣ ሞተሯን አስነሥታ ስለነበር፣ ተሳቢው ተጭኗልና መኪናውን ውጭ ይተዉት ብላ ለመነቻቸው። የመንግሥት መኪና መንገድ ላይ አይቆምም ብለው አፍንጫውን ከተሳቢው ክዳን ሥር አስገብተው አቆሙት፤ ለአየርም ብለው መስኮቱን ዝቅ አድርገው ተዉት።

ከዚያ እህቴን ከወንበሯ አስወርደው እሳቸው ወጡ። ኮታቸውን አውልቀው የሚሰቅሉበት ሲፈልጉ የፓራፋንጎውን ጫፍ አገኙ፤ ነጩ ጽሑፌ በክብር ተሸፈነ። እህቴ «ጌታው፣ እጀታው ተገላቢጦሽ ነው፣ ሲገፋ ነው የሚነሣው» አለቻቸው። እሳቸውም «እናቴ፣ እኔ እኮ በዚህ የሠለጠንኩ ሰው ነኝ፣ እርስዎ እዚያ ጥላው ጋ አረፍ ይበሉ» አሏት። ከሥሩ ገብተው ከመመርመራቸው በፊት ሳጥኑ ጥብቅ ብሎ መውረዱን ለማረጋገጥ እጀታውን ወደ ፊት ገፉት። ሳጥኑ ተነሣ። እንዲወርድላቸው ይበልጥ ገፉት፤ ይበልጥ ተነሣ። በሁለት እጃቸው ይዘው ተደግፈው ገፉት። ጥቁር መነጽር ከአጥሩ ማዶ ይሳቡት፣ ይሳቡት ብሎ ቢጮህም፣ የኋላው ክዳን ወለል ብሎ ፍጉ በሙሉ በነጩ መኪና ኮፈን ላይ ወረደ፤ ከኮፈኑ የተረፈው መስተዋቱን አለበሰ፤ ከመስተዋቱ የተረፈው ዝቅ ብሎ በቀረው መስኮት ገብቶ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

እህቴ ወጥታ እጀታውን ወደ ራሷ ሳበች፣ ሳጥኑን አወረደች፣ ሞተሩን አጠፋች፣ ለተቆጣጣሪዎም ፊታቸውን የሚጠርጉበት ፎጣ አመጣች። «ነግሬዎት ነበርኮ» አለቻቸው። ባለቤቴ ሳቋን ለማፈን ቤት ገብታ በር ዘግታለች፤ ግድግዳችን ስስ በመሆኑ ለተሰማው ድምፅ በስሟ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከዚያ የተከተለውን ትእዛዝ የሕግ ሰው ቢሰማው ይቀናል። ፍጉ ማስረጃ ስለሆነ እንዳይባክን፣ ከመኪናው ላይ ተጠርጎ በሙሉ ወደ ተሳቢው ይመለስ አሉ። እኔ፣ ባለቤቴና በያጁ በአካፋ መለስነው፤ ከወንበሩ ላይ ያለውንም በእጅ ለቀምነው። ስለዚህ ተሳቢያችን ዛሬም እስከ አፉ ማስረጃ ተጭኖ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ እንደቆመ ነው።

4ኛ. ስለ እሸጋው፦

ተቆጣጣሪዎ ሥራቸውን ሳይጨርሱ አልሄዱም። ሞተሯ እንደጠፋ እጀታውን ወደ ፊት ጥግ ድረስ ገፍተው፣ ከእንግዲህ ወዲህ ተጋድሞ ይቀራል ብለው፣ በወፍራም ሽቦ ከፓራፋንጎው ጋር ጠፍረው አሰሩትና በእርሳስ ማኅተም አሸጉት። ማንም ከጽሕፈት ቤቱ በቀር ሽቦውን እንዳይነካ የሚያዘውን ወረቀትም «ሲገፋ ይነሣል» የሚለው ጽሑፌ ላይ ለጠፉበት። ሽቦው ጠንካራና ውብ ሽቦ ነው፤ ለዚህ ሽቦ ግዥ የደከመ ሁሉ ይመስገን።

ውሳኔው ሁለት ምክንያት ይዟል። አንደኛው እጀታው ከሥርዓት ውጭ መሥራቱ ነው። ሁለተኛው ነጂዋ «ለሥራው ብቁ ያልሆነች» መሆኗ ነው። ይህን ሁለተኛውን ለመረዳት አቅሜ አጥሮኛል። ያን ዕለት ግቢያችን ውስጥ ሁለት እጅ ያለው አንድ ሰውና አንድ እጅ ያላት አንዲት ሴት እጀታውን ነክተዋል። ብቁ ያልሆነችው ፎጣውን ያቀረበችው ናት፤ ብቁ የሆኑት ደግሞ በፎጣው የተጠረጉት ናቸው። ቱቦዎቹ ተቀያይረው፣ ሁለት እጅ ያለው ነጂ እስኪቀርብ ድረስ ትራክተሯ እንደታሸገች ትቆያለች ተብሏል።

ክቡር ሆይ፣ አምስተኛ ቁጥር አዘጋጅቼ ነበር፤ ትቼዋለሁ። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ቀልድ የለበትም፤ ከልማድ የተነሣ ሾልኮ ከገባም ሳላውቅ ነው።

ዝናቡ እየቀረበ ነው። ፍጉ ከዝናቡ በፊት ማሳው ላይ ካልተበተነ የሽንኩርቱ ችግኝ አይተከልም፤ የዘንድሮው ሥራ አለቀለት ማለት ነው። ይህ ግን ትንሹ ነገር ነው። ከተማ የምትኖረው የእህቴ ልጅ እናቷን የምትወድ፣ ስለ እናቷም እንቅልፍ የምታጣ ደግ ልጅ ናት። «እማዬ በዚህ ወቅት ካልሠራች መጥቼ እወስዳታለሁ፣ በቃ ትረፍ» ብላለች። አራተኛ ፎቅ ላይ ክፍል አዘጋጅታላታለች፤ አልጋ አለው፣ ቴሌቪዥን አለው፣ ወለሉ ምንጣፍ ለብሷል። እህቴ በስልክ ስትሰማ ከምንጣፉ ሥርስ ምንድን ነው ያለው ብላ ጠየቀች። ሲሚንቶ ነው አለቻት። እህቴ ስልኩን መልሳ ሰጠችኝ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ከበሩ አጠገብ ባልዲ ገልብጣ፣ የታሸገችውን ትራክተር እያየች ትቀመጣለች። ግራ እጇ ብቻ ጉልበቷ ላይ እንዳለ አንዴ ወደ ፊት ገፋ፣ አንዴ ወደ ኋላ ሳብ ይላል። ቱቦዎቹን ማቀያየር ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ እሱ ገዶኝ አይደለም። ቱቦውን ፈትቼ እገጥማለሁ፣ ያንን እጅ ግን ፈትቼ መግጠም አልችልም። በስተርጅና፣ በሕመም ላይ ሆኖ፣ ማንም ሳያስተምረው የተማረ እጅ ነው። ያወቀውን ካስረሳሁት ዳግመኛ ወደ ወንበሩ እንደማትወጣ አውቃለሁ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከእህቴ ጋር ያልኖርኩበት ቤት የለም። ጠዋት ተነሥቼ ያ ባልዲ ባዶውን ተቀምጦ ማየት እፈራለሁ። ሌላ ጉዳይ የለኝም።

ይህን ካልኩ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። እርስዎ ራስዎ የፊታችን ሐሙስ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ጋር ተገኝተው፣ የቁጥጥሩን ፍሬ ካስጎበኙ በኋላ ትራክተሯን ከነተሳቢዋና ከነማስረጃዋ፣ እሽጉም ሳይነካ፣ አስነሥተው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ግቢ እንደሚወስዱ የሚገልጽ ማስታወቂያ በራችን ላይ ተለጥፎ አግኝተናል። የሚነዷትም እኚያው ተቆጣጣሪ እንደሆኑ ተጽፏል። እንዲህ ያለ ክብር ይደርሰናል ብለን በሕልማችንም አላሰብንም። ባለቤቴ ግቢውን ከአሁኑ ጠርጋለች። መኪኖችዎን እንደተለመደው ከተሳቢው ጀርባ ማቆም ይችላሉ፤ እንግዶችዎም እዚያው ቢቆሙ ሁሉንም ነገር ከቅርብ ያያሉ። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ሌላ ቦታም የለንም።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ወንበርዎ ከሥርዎ አይንሸራተት፣ ሲሚንቶዎ አይሰነጠቅ፣ የሚያቆሙት ክሪክ ሁሉ እንደዚያን ቀን በባዶ ተሳቢ ሥር ጸንቶ ይቁም እያልኩ፣ ደብዳቤ በጻፍኩልዎ ቁጥር ሁላችሁም ደህና መሆናችሁን ለመስማት የምጓጓ፣ ታዛዥዎና አድናቂዎ ሆኜ እሰናበታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር፣
የ«ቀጥ» ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ እህቴ ይህን አትንገራቸው ብላኝ ነበር፤ ሕሊናዬ ግን እምቢ አለኝ። ተቆጣጣሪዎ እጀታውን በሽቦ የጠፈሩት ወደ ፊት ገፍተው ነው፤ በእኛ ትራክተር ላይ ደግሞ ወደ ፊት ማለት ሽቅብ ማለት ነው። ሞተሯ እስካልተነሣ ድረስ ምንም አይሆንም። ሐሙስ ዕለት ቁልፉ የተጠመዘዘ ጊዜ ግን ፓምፑ ዘይቱን ይገፋል፣ ሳጥኑም ከነማስረጃው ይነሣል፤ እጀታው ታስሯልና ስቦ የሚያወርደው አይኖርም። ይህ እንዳይሆን ሽቦውን መቁረጥ ያስፈልጋል፤ እሱን መቁረጥ የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ እጀታውን የሚያውቅ ሰው መቀመጥ አለበት፤ እሱን የምታውቀው ብቁ አይደለችም ያሏት ብቻ ናት። ይህን ማስጠንቀቂያ ከሰላምታው ጋር ባስቀድመው ኖሮ ጽሕፈት ቤትዎ ያነበው ነበር፤ ነገር ግን የደብዳቤ ሥርዓት ስለማከብር ቦታው ላይ አኖርኩት። ለጎረቤቶቼ ከላይ እስከ ታች አንብቤላቸዋለሁ፤ ሐሙስ ከአጥሩ ማዶ የመቆሚያ ቦታ ከአሁኑ እየተያዘ ነው። እትዬም ባልዲዋን ከበሩ አጠገብ አንሥታ ወደ ትራክተሯ ፊት አዛውራለች። ሽቦ መቁረጫ ይዘው ከመጡ ይጥሯት፤ የሥራ ኮፍያዋን አድርጋ ትጠብቅዎታለች። ካልያዙ ግን እባክዎ የመኪናዎን መስኮት ይዝጉ።